ሁለት ስም የተሰጣት ተርብ

መዝገቡ በዓይኑ ይመካ ነበር። ሌላው ነገሩ ሁሉ ተራ መሆኑን ራሱም አይክድም፤ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ቀጭን፣ አርባን አልፎም ጉለሌ ከእናቱ ቤት ያልወጣ ሰው ነው። ዓይኑ ግን ሌላ ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ከፍ ብሎ ባሕር ዛፍ መሐል በተደበቀችው የሰብል ተባይ ምርምር ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ ሲውል፣ አዲስ አበባ ሙሉ የማያየውን እኔ አያለሁ እያለ ልቡ ያብጣል። ይህ ታሪክ እንግዲህ ያ ዓይን እንዴት እንደ ተዋረደ ነው። መዝገቡ ራሱ ሲያወራውም ከዚያው ይጀምራል፤ ሰው ሳይስቅበት ቀድሞ በራሱ ይስቃል።

የሚያጠናት ተርብ ነበረች። ተርብ ሲባል ያ ነድፎ ከንፈር የሚያሳብጠው እንዳይመስላችሁ። ይህቺኛዋ ድሮ በቃልና በቃል መካከል ከምናስቀምጠው ሁለት ነጥብ አንዷ ላይ ብታርፍ፣ ያቺ ነጥብ አልጋ ትሆናታለች። ክንፏም ክንፍ ለመባል አይበቃም፤ ዳር ዳሩን ፀጉር የበቀለበት መቅዘፊያ ነገር ነው። ሥራዋ ግን ከቁመቷ በላይ ነው። የበቆሎን ጭማቂ እየመጠጠች በሽታ የምታዛምት፣ ቅጠል ዘላይ የምትባል አረንጓዴ ተባይ አለች። ዘላይዋ እንቁላሏን ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ሰክታ ትደብቃለች። ተርቢቱ ፈልጋ ታገኘውና በእንቁላሉ ውስጥ የራሷን እንቁላል ትጥልበታለች። የተርቢቱ ልጅ የዘላይዋን ልጅ ገና ሳይፈለፈል ትበላዋለች፤ ከዚያ እንቁላሉን ቀዳ ትወጣለች። ነጩ እንቁላል መቅላት ሲጀምር መዝገቡ ተርቢቱ እንደ ቀደመች ያውቃል፤ የልጅ ያህልም ደስ ይለዋል።

እንዲህ ያለችውን ፍጡር በጣት መያዝ አይቻልም፤ በወረንጦም አይሞከርም። መዝገቡ ከዓይኑ ሽፋሽፍት አንድ ፀጉር ነቅሎ በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ በሙጫ ይለጥፋል፤ በዚያ እየገፋ፣ እያገላበጠ፣ ክንፏን ዘርግቶ በሁለት ስስ መስታወት መሐል ያስተኛታል። ሽፋሽፍት ደግሞ ቶሎ ይሰበራል። እየቆየ የግራ ዓይኑ ራቁቱን ቀረና ሰፈሩ በሽታ መሰለው። አብራው የምትሠራው ቡርቱካን፣ «ጋሼ መዝገቡ፣ ቀኙን እንኳ ለሠርግዎ ያቆዩት» እያለች ታበሽቀዋለች። ተርቦቹን የሚያስቀምጥበት አልኮል ከገበያ በመጥፋቱም ከጎረቤት አረቄ ይገዛል። ጠርሙስ ሙሉ አረቄ ታቅፎ ጠዋት መሥሪያ ቤት ሲገባ፣ ዘበኛው ራሱን እየነቀነቀ በሩን ይከፍትለታል።

ተርቢቱን ያገኛት ከሩቅ አገር አይደለም፤ ከእናቱ ከወይዘሮ መሰለች ጓሮ፣ ከክረምት በቆሎ ላይ ነው። ቢጫ ናት፤ አንቴናዋ አጭር ሆኖ ጫፉ እንደ ዱላ ያበጠ ነው። ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጠ፣ ከአንዷም ጋር አልገጠመችለትም። አዲስ ዝርያ ናት። አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው ስም የማውጣት መብት አለው። የወገኗ ስም አናግረስ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን የራሷን ስም ግን እርሱ ይሰጣታል። የሰው ስም ሊሰጣት ቢፈልግ የላቲን ጅራት ቀጥሎበት ያሳትማል። ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ተርብ የሚጽፍ የዓለም ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ በዚያ ስም ይጠራታል።

መዝገቡ ስም ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀበትም። አናግረስ የሺኤ አላት።

የሺ ታናሽ እህቱ ናት። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ከዊንጌት ስትመለስ ከመንገድ ላይ ወሰዷት፤ በዚያው ቀረች። ሬሳ አልተሰጣቸውም። እናትየው እንዳያለቅሱም ተነገራቸው፤ ድንኳን የለም፣ ዋይታ የለም፣ ቤት ተቀምጦ ሰው መቀበል የለም። ጎረቤት አንድ በአንድ ወንፊት ልትዋስ፣ ጨው ልትበደር የመጣች እየመሰለች ገብታ፣ የወይዘሮ መሰለችን እጅ ጨብጣ ትወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የልጅቷ ስምም ከቤቱ ወጣ። ገበያ ላይ ሌላ ሴት «የሺ!» ተብላ ስትጠራ እንኳ እናትና ልጅ አይተያዩም።

መዝገቡ ጀግና አይደለም። ያን ጊዜ አንድ ቢሮ ደጃፍ ሄዶ እህቴ የት ናት ብሎ አልጠየቀም፤ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደ ተደፋ ቀረ። ጀግንነቱ ይህችው ናት፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል የምትሆን፣ ለዚያውም በላቲን የተጻፈች። ቢሆንም ስሙን በጽሕፈት መኪና ሲመታ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ደገመው።

ጽሑፉ ገና ማተሚያ ቤት ሳይሄድ ጓድ ወልዱ አስጠራው። ጓድ ወልዱ የጣቢያው የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ በዕድሜ ከመዝገቡ ያንሳል፣ በወንበር ግን ይበልጠዋል።

«ጓድ መዝገቡ፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል እየመጣ ነው» አለው። «እያንዳንዱ ክፍል ፍሬውን ያቀርባል። አንተ አዲስ ትንኝ አገኘህ አሉ?»

«ተርብ ናት፣ ጓድ።»

«ተርብ ከሆነችማ የተሻለ ነው። ትናደፋለች?»

«አትናደፍም… እ… ማለቴ፣ የተባዩን እንቁላል ታጠፋለች።»

«ጠላትን ገና ከእንቁላሉ!» ጓድ ወልዱ ከመቀመጫው ተነሣ። «በቃ፣ በአብዮቱ ስም ትሰየማለች።»

ስም ወጥቶላታል ማለት ይችል ነበር። የማን ስም ተብሎ ቢጠየቅስ? መዝገቡ ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ወጣ፤ ራስ መነቅነቅ ላይ ማንም አይደርስበትም። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋና አሰበ። እህቱን መሰረዝ አልሆነለትም። አብዮቱን እምቢ ማለትም አልሆነለትም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ሌላ አዲስ ዝርያ ማግኘት፣ ለዚያውም በአስቸኳይ።

ከቢጫዎቹ ጋር ከአንዱ በቆሎ የወጡ፣ አረቄ ውስጥ ሞተው የተቀመጡ ጥቁር ጥቁር ተርቦች ነበሩ። ቁመታቸው ትንሽ ያጥራል፣ አንቴናቸው ግን እንደ ክር የረዘመ ነው። እነዚህ ወንዶች ይሆናሉ ብሎ ልቡ ሹክ ብሎት ነበር፤ በዚህ ወገን የወንድ አንቴና እንደሚረዝም መጽሐፍ ይናገራል። ነገር ግን አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር! በአንድ ዝርያ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ከየት ይመጣል ብሎ ራሱን ተከራከረው፤ ራሱም ቶሎ ተረታለት። ሁለት ዝርያ ያስፈልገው ነበርና ሁለት ዝርያ አየ። ጥቁሩን አናግረስ አብዮቲከስ አለው።

ሁለቱ ስሞች በጣቢያው መጽሔት በአንድ ቀን፣ በአንድ እትም፣ ጎን ለጎን ታተሙ። ያነበበ ሰው ቢኖር ወዲያው በሳቀ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ዝርያ በሙሉ ሴት፣ ሁለተኛው ዝርያ በሙሉ ወንድ ነው። ደግነቱ ማንም አላነበበውም። ጓድ ወልዱ ብቻ ገጹን ገልጦ፣ «ይቺ የሺኤ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ላቲን ነው፣ ጓድ።»

«አሃ፣ ላቲን» ብሎ አለፈው።

መዝገቡ መጽሔቱን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ ቤት ሲወርድ የእናቱን ምርቃት በሐሳቡ እየሰማ ነበር። ሲገባ ወይዘሮ መሰለች ምስር እየለቀሙ ነው። በሩን ዘግቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እማዬ፣ የሺን…» አለ። ስሙን ሲሰሙ የእናቱ እጅ ምስሩ ላይ ቀረ። «ስሟን የዓለም ሊቃውንት ከሚያነቡት መጽሔት ላይ አወጣሁት። ከእንግዲህ የሚያጠፋው የለም።»

«በምን ላይ?»

«በተርብ ላይ። ከጓሮሽ፣ ከበቆሎው ላይ ያገኘኋት።»

«የታለች?»

«በዓይን አትታይም።»

«ምን ትሠራለች?»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! መዝገቡ ግን ተርብ ከተነሣ አፉ አይዘጋም። የሌላዋን እንቁላል እንዴት እንደምትወጋ፣ ልጇ ውስጥ ገብታ እንዴት ባለቤቲቱን ጠርጋ እንደምትበላ፣ እጁን እያወናጨፈ አንድ ሳያስቀር አስረዳቸው። ወይዘሮ መሰለች እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄን?» አሉ ቀስ ብለው። «የሰው ቤት ገብታ የሰው ልጅ የምትበላ? የእኔ ልጅ የሰው ነገር ነክታ ታውቃለች? ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ?»

«እማዬ፣ ይህ እኮ ለእርሻ ጥቅም…»

«ዝም በል!»

መጽሔቱን ከእጁ ነጥቀው ጓዳ ገቡ። ሰንብተው እንኳ በቅጡ አላናገሩትም፤ ምግቡን ፊታቸውን አዙረው ያቀርባሉ፣ ሳሕኑን ፊታቸውን አዙረው ያነሣሉ። ለእህቱ ሐውልት አቆምኩ ያለው ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ኮቴውን አጥፍቶ መግባትና መውጣት ያዘ።

ክረምቱ ሲገባ ጓድ ወልዱ አዲስ ትእዛዝ አመጣ። አንድ የመንግሥት እርሻ የአብዮቱን ተርብ ይፈልጋል፤ በበዓሉ ሰሞን በማርሽ ባንድ ታጅቦ በቆሎው ላይ ይለቀቃል፤ ለላይ አካል ሪፖርት ተደርጓል።

«አብዮቲከስን ብቻ አራባ» አለው። «ያቺን የላቲኗን ተዋት።»

ቡርቱካንና መዝገቡ ተባይ ያለበትን ቅጠል እየሰበሰቡ፣ ተርቦቹ ሲወጡ ቢጫ ቢጫውን እያስወገዱ፣ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከትኩስ ቅጠል ጋር ያስገቡ ጀመር። እንቁላሉ መቅላት ነበረበት። አልቀላም። ጥቁሮቹ ሁለት ሦስት ቀን ጠርሙሱ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይሉና ይሞታሉ፤ ከቅጠሉ የሚፈለፈለው ተባዩ ነው፣ ለዚያውም ወፍሮ። መዝገቡ ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ረገመ፤ የላምባውን ጭስ ረገመ፤ የቧንቧውን ውኃ ረገመ። ኮቱን አውልቆ ጠርሙሶቹን አለበሳቸውና እርሱ በሹራብ ተቀምጦ ተንዘፈዘፈ።

«ጋሼ መዝገቡ፣ አብዮቲከስ እምቢ አለ እንዴ?» አለችው ቡርቱካን።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«እኔማ ዝም እላለሁ። እርሻው ግን ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ አሠርቶ ጨርሷል አሉ።»

ቀልዱ እዚህ ላይ አበቃ። ለአብዮቱ በዓል የተጠበቀ ነገር ቢከሽፍ አሻጥር ነው የሚባለው፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ደግሞ በመዝገቡ ቤት አስረጂ አያስፈልግም።

የእናቱ ማድ ቤት ይሞቃል ብሎ አንድ የጥቁሮች ጠርሙስ ወደ ቤት ወሰደ። ለራሱ ደግሞ፣ ትእዛዙን በስውር እየጣሰ፣ አንድ የቢጫዎች ጠርሙስ አጠገቡ አስቀመጠ። እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ አንዱ ጠርሙስ የለም።

«እማዬ! ጠርሙሴን ምን አደረግሽው?»

«ቅቤው ማስቀመጫ አጣ» አሉ ወይዘሮ መሰለች፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ለሁለት ቅጠል ሁለት ጠርሙስ ምን ያደርጋል? አንድ ላይ አድርጌልሃለሁ።»

«ሁለት ዝርያ ቀላቀልሽብኝ! ጉድ አደረግሽኝ!»

የቀረውን ጠርሙስ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሮጠ፤ አጉሊ መነጽሩን ደቀነ። ቅጠሉ ላይ አንድ ጥቁር አንዲት ቢጫ ጀርባ ላይ ወጥቷል። መጀመሪያ ጠብ መሰለው። ዝቅ ብሎ ሌላ ጥቁር ሌላ ቢጫ ላይ ወጥቷል። ከመስታወቱ ጥግም እንዲሁ። አርባ ያለፈው ሰው፣ ሚስት ባያገባም፣ ይህን ነገር ከጠብ ይለየዋል። መዝገቡ መነጽሩን አስቀምጦ ማድ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ ኮት ማልበስ! ወንዶቹን ብቻቸውን ቆልፎባቸው ለምን አትወልዱም እያለ ሲቆጣ ነው የከረመው። ሳቁ ከሆዱ መጣና አላቆም አለው።

«ምን ሆነሃል?» አሉ እናቱ ደንግጠው።

«ባልና ሚስት ናቸው፣ እማዬ።»

ወይዘሮ መሰለች ጠርሙሱን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። «እና እስከ ዛሬ ለየብቻ ያሰርካቸው አንተ ነህ?»

እርሳቸውም ሳቁ። መጽሔቱ ከመጣ ወዲህ በዚያ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው። የመዝገቡ ሳቅ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ፤ የስም ሕጉ ትዝ አለው። አንድ ዝርያ ሁለት ስም ሊኖረው አይችልም። በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ስሞች ሲሆኑ፣ የትኛው እንደሚጸና የሚወስነው አንድ መሆናቸውን መጀመሪያ በጽሑፍ የሚያስታውቀው ሰው ነው። ያ ሰው እርሱ ነው። አንዱን ስም ይዞ ሌላውን መጣል አለበት። ለእናቱ በአጭሩ ነገራቸው፤ በዚህ ጊዜ እጁን አላወናጨፈም።

«የትኛው ነው የሚወድቀው?» አሉ።

መዝገቡ መሬት መሬት አየ። አብዮቱን ጥዬ የሺን አጸናለሁ ብሎ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ እናትየውም አልጠፋቸውም። ጎድጎድ ካለችው ዱካ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያን ወረቀት እኮ ከትራሴ ሥር ነው ያደረግሁት» አሉ። «ማንበብ አልችልም፤ ግን ጣቴን እዚያ ላይ አሳርፌ እተኛለሁ። ተናድጄብህ ነበር፤ ደግሞ አንተ ባትሆን ማን ያነሣት ነበር? አሁን ይህንንም ሊወስዱብኝ ነው?»



በማግሥቱ ጠዋት መዝገቡ ወደ ጓድ ወልዱ ቢሮ ገባ።

«ጓድ፣ አብዮቲከስ ወንድ ነው።»

«ጥሩ ነዋ።»

«እ… ማለቴ፣ ወንድ ብቻ ነው። ሴቷ ያቺ የላቲኗ ናት። ተሳስቼ ነው ሁለት ያደረግኋቸው። ብቻውን ከለቀቅነው በሦስት ቀን ያልቃል፤ ዘር አይተካም።»

ጓድ ወልዱ ብዕሩን አስቀመጠ። «አብዮቱ ዘር አይተካም ነው የምትለኝ?»

«ተርቡ፣ ጓድ! ተርቡ!»

ጓድ ወልዱ ግንባሩን ያሸ ጀመር። ሪፖርቱ ላይ ፊርማው አለበት፤ ፍርሃቱ ከመዝገቡ ፍርሃት የሚያንስ አልነበረም። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሁለቱንም ልቀቅ፣ ሁለቱንም አብዮቲከስ በላቸው። ያቺን የላቲኗን ሰርዛት። በቃ፣ አለቀ።»

አንድ «እሺ» ብቻ ነበር የቀረው። መዝገቡ ዕድሜውን ሙሉ እሺ ብሏል፤ ከተርብ ይልቅ የተካነው እሺ በማለት ነው።

«አይሆንም» አለ። ድምፁ ከመቅጠኑ የተነሣ ሌላ ሰው የተናገረ መሰለው።

«ለምን? ሕጉ ይከለክላል?»

ይከለክላል ቢል ነገሩ ባለቀ ነበር። ጓድ ወልዱ የተርብ ስም ሕግ ከየት አምጥቶ ያመሳክራል? መዝገቡ ግን ያን ዕለት ምን እንደ ነካው እንጃ። «አይከለክልም» አለ። «መራጩ እኔ ነኝ። የመረጥኩት የሺን ነው።»

«የሺ ደግሞ ማናት?»

«እህቴ ናት።»

«የት ነው የምትሠራው?»

መዝገቡ ዓይን ዓይኑን አየው። ጓድ ወልዱ ፊቱን አየና ተነሥቶ በሩን ዘጋ። አለቀልኝ አለ መዝገቡ በልቡ። እናቱን አሰበ፤ ቀጥሎም፣ ዛሬ ሲያወራው ያፍርበታል፣ ጠዋት ውኃ ያላጠጣቸውን የጣሳ በቆሎዎች አሰበ። ጓድ ወልዱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ባሕር ዛፉን እያየ ቆመ።

«በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«በሰባ።»

«በሰባ» አለ ጓድ ወልዱም። ሲዞር ፊቱ ያው የቢሮ ፊት ነው፤ ድምፁ ብቻ ዝቅ ብሏል። «እርሻው ላይ ያለው ሰሌዳ በአማርኛ 'የአብዮት ተርብ' ይላል። ሪፖርቱም እንደዚያው ይላል፤ ተርቦቹን ሁለቱንም ትለቃለህ። መጽሔት ላይ በላቲን የምትጽፈውን ላይ ያሉት አያነቡትም።»

«እሺ፣ ጓድ።»

«በበዓሉ ላይ ግን የክፍልህን ጽሑፍ የምታነበው አንተ ነህ። ስሙ ላይ ስትደርስ እንዳታንተባትብ። የሚያንተባትብ ሰው ጥርጣሬ ያስነሣል።» ተቀምጦ ብዕሩን አነሣ። «ይህን ነገር አልተነጋገርንም። በሩን ክፈተውና ሂድ።»

የበዓሉ ዕለት የጣቢያው አዳራሽ በቀይ ጨርቅ አሸብርቆ ከላይ የመጡ እንግዶች ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ የሠራተኛው ቤተሰብ ከኋላ ተቀምጧል። ወይዘሮ መሰለች ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ከቡርቱካን አጠገብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። መዝገቡ ወረቀቱን ዘርግቶ ስለ ክንፍ ፀጉር፣ ስለ አንቴና አንጓ ማንበብ ጀመረ። አንድ እንግዳ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ሌላው ሰዓቱን ያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቡ ሰው ስለማይሰማው እግዚአብሔርን አመሰገነ።

«ሁለት ዝርያ ተብለው የተገለጹት አንድ ዝርያ መሆናቸው ተረጋግጧል» አለ፤ አላንተባተበም። «ከእንግዲህ የሚጸናው ስም አናግረስ የሺኤ ነው።» እዚህ ላይ ወረቀቱ ሌላ አንቀጽ ይጀምር ነበር። እርሱ ግን ቀና አለና ያልተጻፈውን ተናገረ። «ይህም ለየሺ መታሰቢያ ነው።»

የተኛው እንግዳ እንኳ ነቃ። ከዚያ ጓድ ወልዱ እጁን አንሥቶ አጨበጨበ፤ እርሱ ካጨበጨበ ማን ይቀራል፣ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ወይዘሮ መሰለች አላጨበጨቡም። ከመቀመጫቸው ተነሡና ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዘቅዝቀው ለበሱት፤ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሞተ ሰው ነው። ሲጨርሱ ተቀመጡ። ቡርቱካን እጃቸውን ያዘች። መዝገቡ ስለ እግር ፀጉር የሚያወራ ሙሉ ገጽ ይቀረው ነበርና እንባው እየጋረደው፣ መስመር እየዘለለ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው።

ገና ሳይመሽ ቤት ሲደርስ፣ እናቱ ቀድመውት ገብተው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤቶቹ በዚህ ጊዜ ወንፊት ሊዋሱ አልመጡም። ጥቁር ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የገባችው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ፣ መሰለች» እያለች ቦታ ትይዛለች። ከቀበሌ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ቢመጣም ወይዘሮ መሰለች የሚነሡ አይመስሉም።

«ና ተቀመጥ» አሉት ልጃቸውን።

ተቀመጠ። እንደ ለመደው አንገቱን ደፍቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ትከሻው ብቻ ይርገፈገፍ ጀመር። ስድስት ዓመት የለመደው ለቅሶ ያ ነው። እናቱ ክንዱን ያዙት።

«እንዲህ አይደለም፣ ልጄ» አሉት። «እንደ ሰው አልቅስላት።»

መዝገቡ አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ቀጭንና ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ገና መጮህ የሚማር አውራ ዶሮ ድምፅ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ራሱ ይስቅበት ነበር። የሳቀ የለም። አንዲት ጎረቤት «የሺዬ!» ብላ ተቀበለችው፤ ሌላዋም ተቀበለች፤ ወይዘሮ መሰለችም ደረታቸውን እየመቱ የልጃቸውን ስም ይጠሩ ጀመር። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ቆብና ባርኔጣውን እያወለቀ ይቆም ነበር።